ለጭንቀት የሚወሰዱ ዕፅዋት፤ ማስረጃቸው ምን ያህል ነው?

በምኖርባት ዱከም በፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ የሚሠራውም፣ ጅቡቲ የሚመላለሰው የከባድ መኪና ሾፌርም «ጭንቀት እንቅልፍ ነሳኝ» ይላል። ጤና አዳም በቡና መጠጣት ከወላጆቻችን የወረስነው ነው። አሁን ደግሞ ዘመድ ከውጭ የሚልከው «ተፈጥሯዊ» እንክብል ተጨምሯል።

እኔ ሐኪም ሳልሆን የሕግ ሰው ነኝ። በሕግ የማስረዳት ሸክም ያለበት «ያድናል» ባዩ ነውና እስቲ ምስክሮቹን እንስማ (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

የተሻለ ማስረጃ ያለው የላቬንደር ዘይት እንክብል ነው። በ2014 በታተመ፣ 539 የጭንቀት ሕሙማንን ባካተተ ጥናት፣ መድኃኒትነት ከሌለው ማስመሰያ እንክብል በልጦ ተገኝቷል። ይሁንና አብዛኞቹን ጥናቶች የደገፈው አምራቹ ነው፤ ተከራካሪ ወገን ያመጣው ምስክር ደግሞ በጥንቃቄ ይሰማል። ካሞሚል በ2009 በ57 ሰዎች ላይ ተሞክሮ መጠነኛ ለውጥ አሳይቷል። በ2016 የወጣው የረዥም ጊዜ ጥናት ግን ሕመሙ እንዳያገረሽ እንደሚከላከል አላረጋገጠም። ስለ ቫለሪያን ኮክሬን የተባለው የጥናቶች መርማሪ ተቋም በ2006 ያገኘው ብቁ ጥናት አንድ ብቻ ነበር፤ ተሳታፊዎቹም 36። ይህ ለፍርድ አይበቃም። ካቫ በጥቂቱ እንደሚረዳ ቢታይም፣ ጉበት ይጎዳል በሚል ጀርመን በ2002 ፈቃዱን ሰርዛ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሷል።

«ዕፅ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለው አባባል ብዙ ሰው ያሳስታል። ሴንት ጆንስ ዎርት የተባለው ዕፅ የኤችአይቪ መድኃኒትንና የወሊድ መከላከያ ክኒንን ኃይል ያዳክማል። ጤና አዳምም ቢሆን በብዛት ሲወሰድ ለነፍሰ ጡር አይመከርም።

«አሜሪካ የተመረተ ነው» ማለትም ማስረጃ አይሆንም። በ1994 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ሰፕሊመንት ገበያ ከመውጣቱ በፊት ፈዋሽነቱ እንዲረጋገጥ አያስገድድም። በእኛ አገር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ያልተመዘገበ መድኃኒት ለገበያ እንዳይቀርብ ይከለክላል፤ በሻንጣ የገባው እንክብል ግን በዚህ በር አላለፈም።

ምክሬ አጭር ነው። የሚወስዱትን ዕፅ ሁሉ ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ የታዘዘልዎትን መድኃኒትም በራስዎ አያቋርጡ። ጭንቀቱ ለሳምንታት ሥራና እንቅልፍ ከነሳዎት ጤና ጣቢያ ይሂዱ። በምክር የሚሰጠው ሕክምናም ሆነ ሐኪም የሚያዘው መድኃኒት ከእነዚህ ዕፅዋት የጠነከረ ማስረጃ አለው።