ከሊኑክስ ከርነል ዝመና በኋላ ሞኒተር ምስል ማሳየት ሲያቆም የሚወሰዱ እርምጃዎች

ይህ መረጃ በሊኑክስ የሚሠራ ኮምፒዩተር ተጠቅመው ማመልከቻ የሚሞሉ፣ ሰነድ የሚያዘጋጁ ወይም የኦንላይን አገልግሎት የሚያገኙ ተገልጋዮች ከከርነል ዝመና በኋላ የስክሪን መጥፋት ቢያጋጥማቸው ሊወስዷቸው የሚገቡ እርምጃዎችን ይገልጻል። የተሰጡት ምሳሌዎች በኡቡንቱ ላይ የተመሠረቱ ናቸው፤ በሌሎች የሊኑክስ ዓይነቶች የምናሌዎቹ ስያሜ በመጠኑ ሊለይ ይችላል።

በቅድሚያ ሊታወቅ የሚገባው

የስክሪን መጥፋት የሰነድ መጥፋት አይደለም። የከርነል ዝመና የተጠቃሚውን ፋይሎች አይነካም። በመሆኑም ችግሩ እንደተከሰተ ሲስተሙን እንደገና መጫን ወይም ዲስኩን ፎርማት ማድረግ ተገቢ አይደለም፤ በቀላሉ ሊስተካከል የሚችል ችግር የማይመለስ ኪሳራ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ መንገድ ነው። ኮምፒዩተሩን ወደ ጥገና ባለሙያ የሚወስዱ ከሆነም ሰነዶችዎ ሳይገለበጡ ዲስኩ እንዳይጸዳ አስቀድመው ያሳውቁ።

የችግሩ ምክንያት

ከርነል የኮምፒዩተሩን አካላትና ፕሮግራሞችን የሚያገናኝ የሲስተሙ ማዕከላዊ ክፍል ነው። ምስልን ወደ ሞኒተር የሚልከው የግራፊክስ ድራይቨርም ከከርነሉ ጋር ተጣጥሞ መሥራት አለበት። የኢንቴልና የኤኤምዲ ድራይቨሮች በአብዛኛው ከከርነሉ ጋር አብረው ይመጣሉ። የኤንቪዲያ ድራይቨር ግን ለብቻው ስለሚጫን ለእያንዳንዱ አዲስ ከርነል የሚስማማ ሞጁል ሊዘጋጅለት ይገባል። ይህ ሳይሳካ ሲቀር ኮምፒዩተሩ እየሠራ ስክሪኑ ጨለማ ይሆናል።

ችግሩ የት እንደሆነ መለየት

1. የአምራቹ አርማ ጨርሶ ካልታየ ምክንያቱ ከርነሉ አይደለም። የሞኒተሩን የኃይል ገመድ፣ የምስል ገመዱንና በሞኒተሩ ላይ የተመረጠውን የግብዓት መስመር ይፈትሹ። ለብቻው የገባ ግራፊክስ ካርድ ባለው ዴስክቶፕ ላይ ገመዱ በካርዱ ላይ እንጂ በዋናው ሰሌዳ ላይ አለመሰካቱን ያረጋግጡ።
2. አርማው ታይቶ ከዚያ በኋላ ስክሪኑ ከጠቆረ ምክንያቱ ከርነሉ ወይም ድራይቨሩ ሊሆን ይችላል። ይሁንና ዲስክዎ በይለፍ ቃል የተቆለፈ ከሆነ ሲስተሙ ጥያቄው ሳይታይ የይለፍ ቃሉን እየጠበቀ ሊሆን ስለሚችል የይለፍ ቃሉን ጽፈው ኢንተር ይጫኑ።
3. የመግቢያ ገጹ ታይቶ የይለፍ ቃል ካስገቡ በኋላ ከጠቆረ ችግሩ ከዴስክቶፑ ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል። በመግቢያ ገጹ ጥግ ላይ ሌላ የዴስክቶፕ ምርጫ ካለ እሱን ይሞክሩ።

በቀዳሚው ከርነል ማስነሳት

ኡቡንቱ አዲስ ከርነል ሲጭን ቀዳሚውን ወዲያውኑ አያጠፋም። ስለዚህ የመጀመሪያው መፍትሔ ቀድሞ ይሠራ በነበረው ከርነል መነሳት ነው።

1. ዝመናው ገና ያልተጠናቀቀ ሊሆን ስለሚችል ጥቂት ደቂቃዎች ይጠብቁ። ለውጥ ከሌለ የኃይል ቁልፉን ኮምፒዩተሩ እስኪጠፋ ድረስ ተጭነው ይያዙ።
2. ኮምፒዩተሩን ያብሩና የአምራቹ አርማ እንደታየ የኢስኬፕ ቁልፍን አንድ ጊዜ ይጫኑ። በቆዩ ኮምፒዩተሮች ላይ የሺፍት ቁልፍን ተጭነው ይያዙ። ምናሌው ሳይመጣ ትእዛዝ መጻፊያ ጥቁር ገጽ ከመጣ ኢስኬፕን ደጋግመው ተጭነው ሊሆን ስለሚችል አጥፍተው እንደገና ይሞክሩ።
3. ከሚመጣው ምናሌ በሁለተኛው መስመር ላይ የሚገኘውን የኡቡንቱ ተጨማሪ አማራጮች የሚለውን ይምረጡ።
4. ከዝርዝሩ አነስተኛ ቁጥር ያለውንና የመልሶ ማግኛ ምልክት የሌለበትን ከርነል መርጠው ኢንተር ይጫኑ።

ኮምፒዩተሩ በትክክል ከተነሳ የችግሩ ምንጭ አዲሱ ከርነል ወይም ከእሱ ጋር ያልተጣጣመው ድራይቨር መሆኑ ይረጋገጣል።

ቀዳሚው ከርነል ካልሠራ

በዚያው ምናሌ ላይ ከርነሉን ሳያስነሱ የላቲኑን ‹ኢ› ፊደል ይጫኑ። ‹ሊኑክስ› በሚል ቃል የሚጀምረውን ረጅም መስመር መጨረሻ ፈልገው ክፍት ቦታ ከተዉ በኋላ ‹ኖሞድሴት› የሚለውን ቃል በትንንሽ የላቲን ፊደላት ሳይነጣጠል ይጻፉ፤ ፊደላቱ ኤን፣ ኦ፣ ኤም፣ ኦ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤስ፣ ኢ፣ ቲ ናቸው። በመቀጠል ኤፍ 10 ይጫኑ። ይህ ከርነሉ የግራፊክስ ካርዱን በሙሉ አቅሙ ሳያሠራ በቀላል የምስል አሠራር እንዲነሳ ያደርገዋል። የምስሉ ጥራት ዝቅ ሊል ይችላል፤ ለውጡም ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ስለሆነ ሲስተሙን አይጎዳም።

ኮምፒዩተሩ ከተነሳ በኋላ

1. ከማናቸውም ሥራ በፊት አስፈላጊ ሰነዶችዎን ወደ ፍላሽ ወይም ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡ።
2. ተጨማሪ ድራይቨሮች የሚለውን መስኮት ከፍተው ለግራፊክስ ካርድዎ የተመከረውን ድራይቨር ይምረጡና እስኪጫን ይጠብቁ።
3. ድራይቨሩ ሲጫን አዲስ የይለፍ ቃል እንዲያስገቡ ከተጠየቁ ጽፈው ያስቀምጡት። ኮምፒዩተሩ ዳግም ሲነሳ በሚመጣው ሰማያዊ ገጽ ላይ ቁልፉን የመመዝገብ አማራጭ መርጠው ያንኑ የይለፍ ቃል ያስገቡ። ሴኪዩር ቡት በበራበት ኮምፒዩተር ላይ ይህ ገጽ ከታለፈ ድራይቨሩ ስለማይጫን ስክሪኑ እንደገና ሊጠፋ ይችላል።
4. ዳግም አስነስተው አዲሱን ከርነል ይሞክሩ። ችግሩ ከቀጠለ ቀጣይ ዝመና እስኪወጣ ድረስ በቀዳሚው ከርነል ይጠቀሙ፤ የሚሠራውንም ከርነል አይሰርዙ። ይሁን እንጂ አዳዲስ ከርነሎች የደኅንነት ማስተካከያዎችን የሚይዙ በመሆናቸው ይህ መፍትሔ ጊዜያዊ ብቻ ሊሆን ይገባል።

ማሳሰቢያ

የማመልከቻ ቀነ ገደብ ባለበት ቀን ወይም በዋዜማው ከርነል አለማዘመን ይመረጣል። ችግሩ በቀነ ገደቡ ቀን ከተከሰተ በሊኑክስ መጫኛ ፍላሽ ኮምፒዩተሩን አስነስቶ፣ ‹ሳይጭኑ መሞከር› የሚለውን አማራጭ በመምረጥ ሰነዶችን መገልበጥና ማመልከቻውን በሌላ ኮምፒዩተር ማጠናቀቅ ይቻላል። ዲስኩ የተቆለፈ ከሆነ የይለፍ ቃሉ ያስፈልጋል። ወደ ባለሙያ ሲቀርቡም የግራፊክስ ካርዱን ዓይነት፣ የሠራውንና ያልሠራውን ከርነል ቁጥር እንዲሁም ስክሪኑ የጠቆረበትን ደረጃ ጽፎ መያዝ የጥገናውን ጊዜ ያሳጥራል።