ዓይን ያየውና እጅ የጨመረው

በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1655 ዓ.ም. የሆላንድ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ከባታቪያ፣ ከዛሬዪቱ ጃካርታ፣ ወደ ቻይና መልእክተኞች ላከ። ዮሐን ኒውሆፍ የተባለውም ሰው መጋቢና ሠዓሊ ሆኖ አብሮ ሄደ። መልእክተኞቹ በ1656 ዓ.ም. ፔኪንግ ገብተው በንጉሠ ነገሥቱ በሹንዢ ዙፋን ፊት ግንባራቸውን ምድር እያስነኩ ሰገዱ። ሆኖም የለመኑት ነፃ ንግድ አልተፈቀደላቸውም፤ በ8 ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ እንዲመጡ ታዘዙ።

ንግዱ ባይሰምር ሥዕሉ ሰመረ። መጽሐፉ በ1665 ዓ.ም. በአምስተርዳም ከመቶ በላይ ሥዕል ይዞ ታተመ፤ ኤውሮጳም ለብዙ ዘመን ቻይናን በርሱ አየች። ነገር ግን የኒውሆፍ የእጅ ጽሑፍ በ1984 ዓ.ም. በፓሪስ በተገኘ ጊዜ፣ የራሱ ሥዕሎች ቀለል ያሉ እንደ ነበሩ፣ ዘንባባውንና ሌላውን ጌጥ ግን የአሳታሚው የመዳብ ቀራጮች እንደ ጨመሩት ታወቀ። ስለዚህ ሥዕልን ለታሪክ ምስክር አድርጎ የሚጠራ ሰው፣ ያየው ማን ነው? ያስጌጠውስ ማን ነው? ብሎ አስቀድሞ ሊመረምር ይገባዋል።