«ነባር» እንጂ «ኋላ ቀር» አይባልም

«ኋላ ቀር ኮምፒውተር» የሚል አባባል እዚህ ላስ ቬጋስ ባለነው አበሾች ዘንድ እየተለመደ ነው። ያረጁ ኮምፒውተሮችንና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎችን እየሰበሰቡ፣ እየከፈቱና ነፍስ እየዘሩባቸው የሚውሉ ሰዎች ሥራቸውን «ሬትሮ» ይሉታል። አንዱ «ሬትሮ ማለት ወደ ኋላ ነው» አለ፤ በአማርኛ «ኋላ» ሲባል ደግሞ «ቀር» አፍ ላይ ይመጣልና ስሙ ስድብ ሆኖ ቀረ። ሥር ሳይሰድ ቢነቀል ደስ ይለኛል።

ስድቡ የማይገባቸው ዕቃዎች ናቸው። ኮሞዶር 64 የተባለው ኮምፒውተር ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እዚሁ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1982 በተካሄደው ሲኢኤስ በተባለው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ትርዒት ላይ ነው። ማስታወሻው 64 ኪሎባይት፣ ዋጋው 595 ዶላር ነበር። ዛሬ ያንን ኮምፒውተር ያገኘ ሰው ቸኩሎ ሶኬት ላይ አይሰካውም። ከዕቃው ጋር የመጣው አዳፕተር ውስጡ በጠጣር ሙጫ የተሞላ ስለሆነ በቀላሉ ተከፍቶ አይታይም፤ ሲያረጅ ከ5 ቮልት በላይ መልቀቅ ሊጀምርና የማስታወሻ ቺፖቹን ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ አዳፕተሩ ብቻውን ይሰካል፣ በቴስተር ይለካል። ልኩ ደህና ከሆነ ኮምፒውተሩ ይበራል፤ ሰማያዊው ስክሪን ላይም 38911 ባይት ባዶ ቦታ እንዳለ የሚናገረው መስመር ብቅ ይላል።

ታዲያ ምን እንበለው? «አሮጌ» ቆራሌው በየሰፈሩ እየጮኸ የሚሰበስበው ነው፤ «ጥንታዊ» ብንል አክሱም ያደርሰናል። «ቅርስ» ክብር አለው፤ ነገር ግን ቅርስ አይነካም፣ እነዚህ ሰዎች ደግሞ ደስታቸው መንካት ነው። «የድሮ» አይከፋም፤ ጊዜውን ከመናገር አያልፍም እንጂ።

እኔ የምመርጠው «ነባር»ን ነው። ግሱ «ነበረ» በአማርኛ ያለፈን ነገር ይናገራል፤ በግእዝ ግን «ተቀመጠ» ማለት ነው። «መንበር» የመጣው ከዚያው ነው፤ «ወንበር»ም የእሱ ዘመድ ነው። ነባር እንግዲህ ጊዜው ያለፈበት ሳይሆን ተቀምጦ የቆየ፣ ቦታውን የያዘ ነው። ነባር ሠራተኛ፣ ነባር ነዋሪ ስንል ማንንም ዝቅ አናደርግም፤ እንዲያውም «እሱን ጠይቀው» እንደማለት ነው። ነባር ኮምፒውተርም ይህ ክብር ይገባዋል።

ሥራውን «ጥገና» የሚሉም አሉ። ጥገና ግን የተበላሸን ዕቃ አስተካክሎ ለባለቤቱ መመለስ ነው፤ መርካቶ ያለ ሬዲዮ ጠጋኝ የሚተዳደርበት ሙያ ነው። እነዚህ ሰዎች ደህና የሚሠራውንም ይከፍታሉ፤ ውስጡን ለማየት፣ ሌላ ነገር ለመቀጠል። ለዚህ ቋንቋችን የተዘጋጀ ርባታ አለው፦ ቆረጠ፣ ቆራረጠ፤ ነካ፣ ነካካ፤ ፈታ፣ ፈታታ። ፊደሉ ሲደገም ድርጊቱ ጥቂት በጥቂት፣ እዚህም እዚያም መሆኑ ይሰማል። አንድ ፊደል ደግሞ ይህን ሁሉ የሚናገር ቋንቋ «ቃል የለውም» ሲባል መስማት ያሳዝነኛል። «መነካካት» በሙስና ወሬ ስለተበከለ እተወዋለሁ፤ «መፈታታት» ንጹሕ ነው፦ ነባር ኮምፒውተር መፈታታት።

ሰውየውስ? «አማተር» በፈረንሳይኛ ወዳጅ፣ አፍቃሪ ማለት ነበር፤ እኛ ዘንድ ሲደርስ «ገና ያልበሰለ» የሚል ትርጉም ለበሰ። ስለዚህ ወደ ፍቺው እንመለስና «የነባር ኮምፒውተር ወዳጅ» እንበል።

«ነባር» ለጨዋታም ይበቃል። እዚሁ ላስ ቬጋስ ቡሌቫርድ ላይ ባለው የፒንቦል ዝና አዳራሽ የተደረደሩት መጫወቻዎች፣ ብዙዎቹ ከእኛ በዕድሜ የሚበልጡ፣ ዛሬም ሰዎች ሳንቲም እየከተቱ ይጫወቱባቸዋል፤ ነባር ጨዋታ ማለት እሱ ነው። እንደ ካፓሲተርና ፒንቦል ያሉ የውጭ ቃላት ግን እንዳሉ ይቀመጡ፤ የገቡበትን ዕቃ ይዘው የመጡ ስሞች ናቸው፣ ማንንም አያሳንሱም።