ሠሪዎቻቸው ካለፉ በኋላ ስለሚያድጉ ኮምፒዩተሮች

የሰው እጅ የሠራው ሁሉ ኀላፊ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ከሰው እጅ ሥራም ሁሉ ኮምፒዩተርን የሚያህል ቶሎ የሚያረጅ የለም፤ ገበያ ከወጣ ዐሥር ዓመት ሳይሞላው ሠሪው ይረሳዋል፣ መለዋወጫው ይጠፋል፣ ባለቤቱም ወደ ዕቃ ቤት ይጥለዋል። ይሁን እንጂ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር ለመኖሪያ ቤት ተብለው ከተሠሩት ትንንሽ ኮምፒዩተሮች መካከል ጥቂቶቹ ከዚህ ሥርዓት ወጥተው፣ የወለዱዋቸው ኩባንያዎች ከከሰሩ ወይም ፊታቸውን ወደ ሌላ ሥራ ካዞሩ በኋላ እንኳ፣ እስከ ዛሬ አዲስ አካል እየተጨመረላቸው ይኖራሉ። ይህን የሚያደርጉት ለዚሁ ደመወዝ የሚቈረጥላቸው መሐንዲሶች ሳይሆኑ፣ ከዕለት ሥራቸው በተረፈው ጊዜና በገዛ ገንዘባቸው ሰሌዳ የሚነድፉ፣ የሚበይዱና የሚፈትኑ የጥበብ ወዳጆች ናቸው። ከእነዚህ ኮምፒዩተሮች ጋር የተወለዱት ብዙዎቹ ሲሞቱ እነዚህ ለምን ተረፉ ብሎ ለሚመረምር ሰው፣ መልሱ የሚገኘው በኃይላቸው ወይም በዋጋቸው ርካሽነት ሳይሆን፣ ሠሪዎቻቸው በተዉላቸው መሰኪያና ስለዚያ መሰኪያ ተጽፎ በቀረው ዕውቀት ነው።

የዚህ ልማድ መነሻ በጃንዋሪ 1975 «ፖፑላር ኤሌክትሮኒክስ» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት አልቴር 8800 የሚባለውን ኮምፒዩተር በሽፋኑ ላይ ያወጣበት ጊዜ ነው። መኪናውን የሠራው በኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ በአልበከርኪ ከተማ የነበረው ሚትስ የተባለ ትንሽ ኩባንያ ሲሆን፣ ገዢው ክፍሎቹን በ397 ዶላር አስመጥቶ በገዛ እጁ እየበየደ ይገጣጥመው ነበር። በብዙ ድካም ገጣጥሞ ሲጨርስ በእጁ የሚቀረው 256 ባይት ማኅደረ ትውስታ ብቻ ያለው፣ የቁልፍ ሰሌዳም ሆነ ማያ የሌለው፣ በትንንሽ መብራቶችና ማብሪያዎች ብቻ የሚነጋገር ሣጥን ነበረ። ነገር ግን የኩባንያው መሥራች ኤድ ሮበርትስ በሣጥኑ ውስጥ አንድ ታላቅ ነገር አኑሮ ነበር፤ ይኸውም 100 መስመሮች ያሉት፣ ማናቸውም ተጨማሪ ሰሌዳ ሊሰካበት የሚችል የጋራ መንገድ ነው።

ሚትስ ራሱ ያወጣው የ4 ኪሎባይት የማኅደረ ትውስታ ሰሌዳ አስተማማኝ ሳይሆን በቀረ ጊዜ፣ መንገዱ ለሁሉ ክፍት ስለ ነበረ፣ ጉድለቱን የሚሞላ ሰው ከውጭ ለመምጣት አልዘገየም። በማርች 5 ቀን 1975 በካሊፎርኒያ፣ በሜንሎ ፓርክ፣ በጎርደን ፍሬንች ጋራዥ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰበሰበው የሆምብሩ ኮምፒዩተር ክለብ አባል የሆነው ቦብ ማርሽ፣ ከጓደኛው ከጋሪ ኢንግራም ጋር ፕሮሰሰር ቴክኖሎጂ የተባለ ድርጅት አቋቁሞ በደንብ የሚሠራ የማኅደረ ትውስታ ሰሌዳ መሸጥ ጀመረ። ሮበርትስ ገበያውን የሚሻሙትን እነዚህን ሰዎች በሰው ደም እንደሚኖሩ ጥገኛ ተውሳኮች ቈጥሮ በጽሑፍ ነቀፋቸው፤ ታሪክ ግን ፍርዱን ገለበጠው። ሚትስ በ1977 ለሌላ ኩባንያ ተሸጦ ስሙ ሲጠፋ፣ ባለ 100 መስመሩ መንገድ በሌሎች እጅ ዳብሮ በ1983 የዓለም የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበር ደረጃ አውጥቶ አጸደቀው፤ አባትየው ሳይኖር ልጁ ለማዕርግ በቃ።

ከዚያው ክለብ ስብሰባ ከማይጠፉት ወጣቶች አንዱ ስቲቭ ዎዝኒያክ ነበረ። በ1977 በ1,298 ዶላር ለገበያ የቀረበውን አፕል 2ን በነደፈ ጊዜ ስምንት መሰኪያዎች ሊያኖርበት ወሰነ፤ ባልንጀራው ስቲቭ ጆብስ ግን አንዱ ለማተሚያ፣ አንዱ ለሞደም፣ ሁለት ይበቃሉ ብሎ ተከራከረው፤ ዎዝኒያክ ከሐሳቡ ፈቀቅ ሳይል ስለ ጸና ስምንቱ ቀሩ። የእነዚህ መሰኪያዎች አሠራር ጥቂት ሊብራራ የሚገባው ነው። መኪናው ለእያንዳንዱ መሰኪያ 16 የትእዛዝ አድራሻዎችን፣ ከመጀመሪያው በቀር ለሰባቱ ደግሞ 256 ባይት የሚያህል የፕሮግራም ሥፍራ አስቀድሞ ከፍሎ ስለ ሰጠ፣ ካርድ የሚነድፈው ሰው በጎረቤት መሰኪያ ምን እንዳለ ሳያውቅና ሳይጨነቅ የራሱን መሥራት ይችላል፤ ካርዱም መኪናው እንዴት ሊጠቀምበት እንደሚገባ የሚያስተምረውን ፕሮግራም በሆዱ ይዞ ይመጣል። በዚህ ምክንያት በ1977 ማንም ያላሰበው ዕቃ፣ ዋናው ፕሮግራም አንዲት ፊደል ሳይለወጥበት፣ በዛሬው ቀን ተሰክቶ ሊሠራ ቻለ።

የዚህ ዕቅድ ፍሬ ቶሎ ታየ። በ1980 ማይክሮሶፍት በሕይወቱ የመጀመሪያው የሆነውን ቁሳዊ ዕቃ ሠርቶ በ349 ዶላር ሲሸጥ፣ ዕቃው በአፕል 2 መሰኪያ የሚገባ፣ ዜድ 80 የተባለውን ሌላ ፕሮሰሰር የተሸከመ ካርድ ነበረ፤ በዚህም ካርድ አንድ ሰው በአንድ ሣጥን ውስጥ ሁለት ልብ ያለው ኮምፒዩተር ባለቤት ሆነ። ከመሰኪያው ባልተናነሰ ደግሞ፣ አፕል በ1978 ባሳተመው የማጣቀሻ መጽሐፍ የመኪናውን ሙሉ የሰርኪዩት ንድፍና ውስጣዊውን የመቈጣጠሪያ ፕሮግራም ዝርዝር ሳይደብቅ ለገዢው ሁሉ መስጠቱ ትልቅ ነገር ነበረ። የዚያው ኩባንያ ማኪንቶሽ በጃንዋሪ 1984 ሲወጣ ግን አንድም የማስፋፊያ መሰኪያ ሳይኖረው፣ ልዩ መፍቻ ካልተገኘ በማይከፈት ሣጥን ተዘግቶ ወጣ፤ ጆብስ በ1977 የተረታበትን ክርክር በሰባት ዓመቱ አሸነፈ ማለት ነው።

በእንግሊዝ አገር ነገሩ በሌላ መልክ ተፈጸመ። ክላይቭ ሲንክሌር በ1981 ያወጣው ዜድኤክስ 81 ዋጋው 69.95 ፓውንድ፣ ማኅደረ ትውስታውም 1 ኪሎባይት ብቻ ነበረ፤ 16 ኪሎባይት የሚጨምረው ጥቅል ከጀርባው ሲሰካ አጥብቆ ስለማይይዝ፣ ጠረጴዛው በተነካ ቁጥር እየተነቃነቀ የብዙ ሰዓት ድካም በቅጽበት ያጠፋ ነበር። በአፕሪል 23 ቀን 1982 የተከተለው ዜድኤክስ ስፔክትረምም፣ 16 ኪሎባይት ያለው በ125፣ 48 ኪሎባይት ያለው በ175 ፓውንድ ሲሸጥ፣ በጀርባው ያለው መሰኪያ ተብሎ ለመጠራት የሚያስቸግር፣ የሰሌዳው የራሱ ጫፍ በሣጥኑ ቀዳዳ በኩል ብቅ ያለበት ሥፍራ ነበረ። ሲንክሌር ይህን ያደረገው ሳንቲም ለማትረፍ እንጂ ለትውልድ አስቦ አልነበረም፤ ነገር ግን የፕሮሰሰሩ የአድራሻ፣ የመረጃና የትእዛዝ መስመሮች በዚያ ጫፍ ላይ ያለ መጋረጃ ስለ ተገለጡ፣ ቈጣቢነቱ ዎዝኒያክ በክርክር ያገኘውን ነጻነት አስገኘ።

ለስፔክትረም የጐደለው መጽሐፍ ነበረ፤ እርሱንም ሌሎች ሞሉለት። ኢያን ሎገንና ፍራንክ ኦሃራ በመኪናው ውስጥ የተቀበረውን የ16 ኪሎባይት ፕሮግራም ልክ እንደ አንድምታ መምህራን ቃል በቃል እየፈቱ፣ እያንዳንዱ ትእዛዝ ምን እንደሚያደርግና ለምን እንደ ተቀመጠ ተርጕመው በ1983 አሳተሙት። በአሜሪካም በ1982 በ595 ዶላር የወጣው ኮሞዶር 64 በፕሮግራም ጸሐፊዎች ማጣቀሻው መጨረሻ ሙሉ የሰርኪዩት ንድፉን አባሪ አድርጎ ሰጠ፤ ከጀርባው ባለው ባለ 44 መስመር መሰኪያም ከውጭ የገባ ካርድ ዋናውን ፕሮሰሰር አስቁሞ ማኅደረ ትውስታውን በራሱ እጅ የሚያዝበት መስመር አኖረ።

የተጻፈ ዕውቀት ከዕቃው ይልቅ ሩቅ እንደሚሄድ የታየው በሶቪየት ኅብረት ነው። በፌራንቲ ፋብሪካ ለስፔክትረም ተለይቶ የተሠራው ቺፕ በዚያ ሊገኝ ስላልቻለ፣ የአገሩ የጥበብ ወዳጆች በ1980ዎቹ መጨረሻ ያንን አንድ ቺፕ በብዙ ተራ ቺፖች ተክተው የራሳቸውን ስፔክትረም ሠሩ፤ በእንግሊዝ አገር ቴክኖሎጂ ሪሰርች የተባለ ድርጅት የነደፈው፣ በተወለደበት ግን ከብዙዎቹ አንዱ ብቻ የነበረው ቤታ የዲስክ ማገናኛም በእነርሱ ዘንድ መደበኛ ሥርዓት ሆነ።

ከዚህ በኋላ የሠሪዎቹ ዘመን አበቃ። ሲንክሌር የኮምፒዩተር ሥራውን በአፕሪል 1986 ለአምስትራድ በ5 ሚሊዮን ፓውንድ ሸጠ፤ የአፕል 2 ዘር የመጨረሻው በ1993 መመረቱን አቆመ፤ ኮሞዶርም በአፕሪል 29 ቀን 1994 መክሰሩን አስታወቀ። እስከዚያ ድረስ ካርድ መሥራት በመጀመሪያ በችግር፣ ቀጥሎም ለትርፍ የሚደረግ ሥራ ነበረ፤ ከዚያ ወዲህ ግን በፍቅር ብቻ የሚሠራ ሆነ።

እነዚህ የፍቅር ሠራተኞች ከሁሉ አስቀድመው የደከሙበት ነገር የማከማቻ ጉዳይ ነበረ፤ ካሴቱም ፍሎፒ ዲስኩም ከጊዜ ብዛት ስለሚበላሽ፣ ማጫወቻው ስለሚያልቅ፣ ይህ ካልዳነ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነውና። የኮሞዶር 1541 የዲስክ ማጫወቻ ለዚህ ጥሩ አብነት ይሆናል። ከቀደመው የኮሞዶር ኮምፒዩተር ከቪክ 20 በወረሰው የአንድ ቺፕ ጉድለት የተነሣ፣ መረጃው በፕሮግራም አማካይነት አንድ አንድ ቢት እየተቈጠረ እንዲተላለፍ ስለ ተደረገ፣ በሰከንድ ጥቂት መቶ ባይት ብቻ እያለፈ ተጠቃሚውን ያሰለች ነበር፤ ይህንን የሚያፈጥኑ ካርቶሪጆች ከ1980ዎቹ ጀምሮ ቢወጡም፣ በዚያን ጊዜ ማንም ያሰበው የማይመስለው ነገር ግን የተሠራው በኋላ ነው። በኔዘርላንድ የተነደፈው 1541 አልቲሜት የራሱ ፕሮሰሰር ያለውን ያን ማጫወቻ በሙሉ በአንድ እንደገና በሚቀረጽ ቺፕ ውስጥ አስነሥቶ፣ ለኮሞዶሩ አሮጌ ዲስክ እንደ ተሰካ ያስመስልለታል። ለስፔክትረምም በቼክ አገር የተነደፈው ዲቫይድ የኮምፒዩተር ሃርድ ዲስክን፣ ተከታዩ ዲቭኤምኤምሲ ደግሞ የስልክና የፎቶ ካሜራ ሚሞሪ ካርድን ከዚያ ባዶ ጫፍ ጋር አገናኙ፤ 32 ጊጋባይት የሚይዝ አንድ ሚሞሪ ካርድ ከስፔክትረሙ 48 ኪሎባይት ከ600,000 እጥፍ በላይ ነው።

ሥራው ግን ክፍሎችን አገናኝቶ መተው ብቻ አይደለም። አሮጌው መኪና በ5 ቮልት ሲኖር፣ የዛሬው ቺፕ በ3.3 ቮልት ስለሚኖር፣ ሁለቱ ያለ አስታራቂ ከተገናኙ አዲሱ ሊቃጠል ይችላል። በአፕል 2 ደግሞ አንዲቷ ማይክሮሰከንድ ለሁለት ተከፍላ፣ በእኩሌታዋ ፕሮሰሰሩ፣ በእኩሌታዋ ሥዕሉን ወደ ማያው የሚያወጣው ክፍል ማኅደረ ትውስታውን ስለሚጠቀሙ፣ ካርዱ መልሱን በተመደበለት ቅጽበት ካላደረሰ አይሰማም። ስለዚህ ነዳፊው፣ የሠሪዎቹን ሐሳብ በሚገባ ሳያጠና፣ ምንም ያህል ፈጣን ቺፕ ቢይዝ ሥራው አይሰምርም።

በእነዚህ ሰዎች መካከል ያልተፈታ ክርክር አለ። በ2021 በ4 ዶላር መሸጥ የጀመረው ራስበሪ ፓይ ፒኮ የተባለው ትንሽ ሰሌዳ ሲወጣ እስከ 133 ሜጋኸርትዝ ድረስ የሚሠራ ሲሆን፣ የስፔክትረም ልብ ግን 3.5 ሜጋኸርትዝ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰሌዳ የተሸከመ ካርድ ሲሰካ ሥራውን ሁሉ ካርዱ ይሠራል፣ አሮጌው መኪና ግን የቁልፍ ሰሌዳ ብቻ ሆኖ ይቀራል ብለው የሚያዝኑ አሉ። ሌሎች ደግሞ ሥራው የሚሠራው የትም ይሁን፣ መኪናው በርቶ ሰው ፊቱ ከተቀመጠ ይበቃል ይላሉ። ለእኔ ሚዛን የሚደፋው የመጀመሪያዎቹ ሐሳብ ነው፤ የድሮ ዕቃን የምንጠብቀው ድካሙንና ውሱንነቱን ጭምር እንድናውቅለት ነውና፤ ይሁን እንጂ የማይክሮሶፍት ካርድ በ1980 በአፕል 2 ላይ ሌላ ፕሮሰሰር ሲጭን ያደረገው ይህንኑ መሆኑን ለሚያስታውሰኝ ሰው የምመልሰው ብዙ የለኝም።

አዲሶቹ ካርዶችም ቢሆኑ ከማለፍ አልዳኑም። በ1976 የተወለደው የዜድ 80 ፕሮሰሰር መሠረታዊ ዘር ከ48 ዓመት በኋላ፣ በ2024፣ መመረቱ እንደሚያበቃ ሠሪው ዚሎግ አስታወቀ፤ ብዙ ነዳፊዎች አሮጌውን ቮልት ስለሚችል የመረጡት የዛይሊንክስ ኤክስሲ 9500 ኤክስኤል ቺፕም በዚያው ዓመት ከምርት እንዲወጣ ተወሰነ። ስለዚህ ካርዶቹም በተራቸው ሠሪ አልባ ይሆናሉ፤ የዕድሜያቸውም ነገር በዚያው በቀደመው ሕግ፣ ተጽፎ በሚቀረው ዕውቀት፣ ይዳኛል። ከነዳፊዎቹ መካከል ንድፉንና ፕሮግራሙን ለሁሉ የሚሰጥ አለ፤ ሌላው ግን ገልባጭ እንዳይሠርቅበት ቺፑን ቈልፎ ይሸጣል፤ ድካሙና ወጪው የራሱ ስለ ሆነ ይህን ማድረጉ በሕግም በሕሊናም አያስነቅፈው ይሆናል። ነገር ግን ይህ ሰው ሲሰለች፣ ሲታመም ወይም ሲሞት ካርዱ ከእርሱ ጋር ይቀበራል፤ እርሱ ራሱ አሮጌውን መኪና ሊያድነው የቻለው ዎዝኒያክ፣ ሎገንና ኦሃራ ያወቁትን ሳይደብቁ ስለ ጻፉለት እንደ ሆነ ማሰብ ይገባዋል። የዚህ ጥበብ ዋጋ መመዘን ያለበት ካርዱ በሚያስገኘው ፍጥነት ሳይሆን፣ ነዳፊው በሌለበት ሌላ ሰው ንድፉን አንብቦ ዳግመኛ ሊሠራው በመቻሉ ነው።