«1440 በ900 ይመስላል»፦ አንድ ሻጭ ከጠብ የዳነበት ታሪክ



ባለፈው ሳምንት ማታ ላይ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለልኝ። «ቲቸር፣ ተበላሁ!» አለኝ። ያገለገለ ባለ 13 ኢንች ማክቡክ ፕሮ ገዝቷል። ሻጩ «ስክሪኑ 2560 በ1600 ነው» ብሎታል። ቤት ገብቶ ሴቲንግ ሲከፍት ግን «1440 በ900 ይመስላል» ይላል። በነጋታው ሄዶ ሊጣላ ተነስቷል። «ቆይ እስቲ፣ ሰውዬው አልዋሸህም» አልኩት። ያኔ በስልክ የነገርኩትን እዚህም ልጻፈው፤ ምክንያቱም ግራ የሚገባው እሱ ብቻ አይደለም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው በ1984 ነው። አፕል ያን ዓመት ያወጣው የመጀመሪያው ማኪንቶሽ ስክሪን ወደ ጎን 512፣ ወደ ታች 342 ነጥብ ነበረው። ነጥብ ስል ፒክስል ማለቴ ነው። በአንድ ኢንች ውስጥ 72 ነጥብ ይደረደራል። ይህች 72 ዝም ብላ የመጣች አይደለችም። በኅትመት ሥራ የፊደል መጠን የሚለካበት «ፖይንት» የአንድ ኢንች 72ኛ እጅ ነው። ስለዚህ በ12 ፖይንት የጻፍከው ፊደል ስክሪኑ ላይም፣ ወረቀቱ ላይም ያው መጠን ነበረው። ዊንዶውስ ደግሞ 96ን ይዞ ሄደ። በሁለቱም ቤት ግን ፕሮግራም ጸሐፊዎች አንድ ልማድ ያዙ፦ ሜኑው ይህን ያህል ነጥብ ይሁን፣ መስመሩ አንድ ነጥብ ይሁን እያሉ ሁሉንም በነጥብ መቁጠር።

ችግሩ የመጣው ነጥቦቹ ሲያንሱ ነው። ነጥቡ ሲያንስ በነጥብ የተለካው ሁሉ አብሮ ያንሳል። በ2001 አይቢኤም 22 ኢንች ገደማ የሆነ፣ 3840 በ2400 ነጥብ ያለው ስክሪን አወጣ፤ በኢንች 204 ነጥብ መሆኑ ነው። ለጊዜው ተአምር ነበር። ግን ተራውን ፕሮግራም ስትከፍትበት ጽሑፉ ጉንዳን ያክላል። መስታወቱ ቀድሞ ደረሰ፣ ፕሮግራሙ ወደ ኋላ ቀረ።

«ታዲያ ፕሮግራሙ ሁሉንም በተፈለገው መጠን ለምን አያሳድገውም?» ትሉኝ ይሆናል። አፕልም ያሰበው ይህንኑ ነው። ከ2005 ጀምሮ ፕሮግራም ጸሐፊዎች 1.25 ወይም 1.5 እያሉ የሚሞክሩበት መንገድ አዘጋጅቶ ነበር። አልሰመረም። ለምን? አንድ ነጥብ የነበረች መስመር በ1.5 ስትባዛ አንድ ነጥብ ተኩል ትሆናለች። ግማሽ ነጥብ ደግሞ መስታወቱ ላይ የለም። ወይ መስመሯ ትደበዝዛለች፣ ወይ አንዷ ቀጭን ሌላዋ ወፍራም ትወጣለች።

መፍትሔው በ2010 በአይፎን 4 መጣ፤ እንዲያውም ቀላል ሒሳብ ነው። የቀድሞው አይፎን 480 በ320 ነበር፤ አዲሱ በዚያው የስክሪን ስፋት 960 በ640 ሆነ። ልክ እጥፍ! በአንድ አሮጌ ነጥብ ቦታ አራት አዳዲስ ነጥቦች ገቡ። የድሮው ፕሮግራም መጠኑ ሳይለወጥ ይሠራል፣ ፊደሉ ግን ይጠራል። ሰኔ 2012 ላይ ይኸው ዘዴ ወደ ላፕቶፕ ተሻገረ። ባለ 15 ኢንቹ ማክቡክ ፕሮ ከ1440 በ900 ወደ 2880 በ1800 አደገ።

እሺ፣ እጥፍ ገባን። ግን ሰው ስክሪኑ ላይ ብዙ ነገር እንዲገባለት ይፈልጋል፤ ማለትም ሁሉም ትንሽ እንዲያንስለት። እዚህ ላይ ነው ብልሃቱ። ኮምፒውተሩ በ1.5 ወይም በ1.75 ለማባዛት አይሞክርም። መጀመሪያ ሁሉንም በእጥፍ፣ ሜሞሪው ውስጥ ትልቅ አድርጎ ይስላል። ከዚያ ሥዕሉን በሙሉ ስክሪኑን እስኪያክል ያሳንሰዋል። ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዳችሁ በትልቅ ወረቀት ያለውን አሳንሳችሁ ስታስወጡ የሚሆነው ማለት ነው። በ15 ኢንቹ ላይ 1920 በ1200 ብትመርጡ የሚሳለው 3840 በ2400 ነው። ቁጥሩን አያችሁት? በ2001 አይቢኤም ያወጣው ስክሪን ልክ!

ወደ ተማሪዬ ላፕቶፕ ስንመለስ፦ «1440 በ900» ማለት ሥዕሉ 2880 በ1800 ሆኖ ይሳላል፣ ከዚያ 2560 በ1600 ላይ ይሰፍራል ማለት ነው። በየዘጠኙ ነጥብ ስምንት መሆኑ ነው። ከ2016 ጀምሮ የወጡት ባለ 13 ኢንቾች ከፋብሪካ የሚመጡት እንዲህ ተደርገው ነው። ስለዚህ «ይመስላል» የምትለዋ ቃል የነገሮቹን መጠን እንጂ የነጥቦቹን ብዛት አትናገርም። ሻጩም እውነቱን ነው፣ ሴቲንጉም እውነቱን ነው።

በነፃ ግን አይደለም። ስክሪኑ ያለው 4,096,000 ነጥብ ነው፤ ኮምፒውተሩ የሚስለው 5,184,000 ነው። ተጨማሪ ድካም አለው። በጣም ቀጫጭን መስመሮችም ትንሽ ይለሰልሳሉ። ልክ እጥፉን የፈለገ 1280 በ800ን ይምረጥ፤ ማሳነስ የሚባል ነገር የለም፣ ነገሮቹም ተለቅ ይላሉ። ቀ እና ቁን፣ ሰ እና ሱን በትንሿ ቅጥያ ለምንለይ ለእኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ዊንዶውስ የምትጠቀሙ ደግሞ 125% ወይም 150% የሚለውን ታውቁታላችሁ። እሱ ሌላ መንገድ ነው የሄደው። ፕሮግራሙ ራሱ በዚያ መጠን እንዲስል ይነገረዋል። ይህን የማያውቅ የቆየ ፕሮግራም ሲያጋጥም ዊንዶውስ ምስሉን ይለጥጠዋል። አንዳንድ ፕሮግራም ብቻውን የሚደበዝዝባችሁ ለዚህ ነው፤ ዓይናችሁን አትጠራጠሩ።

ተማሪዬ ሊጣላ አልሄደም። 1280 በ800ን ሞክሮ ወደ 1440 ተመለሰ። «ቲቸር፣ ኤክሴል ላይ ብዙ ኮለን ይገባልኛል» አለኝ። ምርጫው የእሱ ነው። እኔ ደስ ያለኝ አንድ ሰው ያለ ጥፋቱ ሌባ ሳይባል መቅረቱ ነው።

የእናንተስ ስንት «ይመስላል»? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ቸር ያሰማን።