በዓለም ቀዳሚ የሞት ምክንያቶችና የጂዛን የወባ ተሞክሮ

የዓለም ጤና ድርጅት መረጃ እንደሚያመለክተው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ዙሪያ 68 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሕይወታቸው አልፏል። ከእነዚህ ውስጥ 39 ሚሊዮን ለሚሆኑት ወይም ለ57 በመቶዎቹ ሞት መንስኤ የሆኑት አሥር ምክንያቶች ብቻ ናቸው። በቀዳሚነት የተመዘገበው የልብ የደም ሥሮች በመጥበባቸው ወይም በመዘጋታቸው የሚመጣው የልብ ሕመም ሲሆን፣ የጠቅላላውን ሞት 13 በመቶ ይይዛል። በዚያው ዓመት ኮቪድ-19 ሁለተኛ፣ ስትሮክ ደግሞ ሦስተኛ ደረጃ ላይ ተቀምጠዋል።

ይሁን እንጂ የሞት ምክንያቶች እንደየአገሩ የገቢ መጠን ይለያያሉ። ወባ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች እስካሁን ከአሥሩ ቀዳሚ የሞት ምክንያቶች አንዱ ሲሆን፣ በከፍተኛ ገቢ አገሮች ዝርዝር ውስጥ ግን የለም። ለዚህ ልዩነት የአየር ጠባይ ብቻውን ምክንያት አለመሆኑን ከሚያሳዩ አካባቢዎች አንዱ በሳዑዲ ዓረቢያ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ የሚገኘው የጂዛን ክልል ነው።

ጂዛን ከቀይ ባሕር ዳርቻ እስከ የመን ድንበር ተራሮች የሚዘልቅ ሞቃታማ አካባቢ ነው። ዝናብ ሲጥል በሸለቆዎቹ የሚያቁረው ውሃ ለወባ ትንኝ መራቢያ ይሆናል። በዚያ በሽታውን በዋናነት የምታስተላልፈው አኖፊለስ አረቢየንሲስ የተባለችው ትንኝ በኢትዮጵያም ዋነኛዋ አስተላላፊ ናት። እ.ኤ.አ. በ1998 በተከሰተው ወረርሽኝ በሳዑዲ ዓረቢያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በወባ ሲያዙ፣ ጂዛን ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የቤት ውስጥ ፀረ ትንኝ ኬሚካል ርጭት፣ የአጎበር ሥርጭት፣ የእጭ ማጥፋት ሥራ እንዲሁም ፈጣን ምርመራና ሕክምና በተቀናጀ መልኩ ተካሂደዋል። በዚህም የተነሳ ሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2023 በተከታታይ ሦስት ዓመታት በአገር ውስጥ የተላለፈ የወባ ሕመም አላስመዘገበችም።

ቀሪው ስጋት ከውጭ የሚገባው ወባ ነው። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል፤ በየመንም በሽታው አልጠፋም። በሳምጣ፣ በአል-ዓሪዳና በአጥ-ጡዋል የድንበር ከተሞች ትንኟ እስካለች ድረስ፣ ሳይታከም የቆየ አንድ በሽተኛ ለሥርጭቱ ዳግም መነሳት ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ሆኖም ከሁሉ አስቀድሞ አደጋ ላይ የሚወድቀው የታማሚው የራሱ ሕይወት ነው። ምልክቶቹ ብዙውን ጊዜ ትንኟ ከነከሰች ከ10 እስከ 15 ቀናት ባለው ጊዜ ይታያሉ። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት ካልታከመ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ከባድ ሕመምና ወደ ሞት ሊያደርስ ይችላል። ወባ በሌለበት ደጋ ያደጉ ሰዎች በሽታውን የመቋቋም አቅም ስለማያዳብሩ በቀላሉ ይጎዳሉ። ስለሆነም ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ራስ ምታት የተሰማው መንገደኛ የሥራ መቅረት ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ ሳያግደው በፍጥነት ደሙን መመርመር፣ ከየት እንደመጣም ለሐኪሙ መንገር ይኖርበታል። በዓረብኛ ትኩሳት «ሑምማ»፣ ወባ ደግሞ «ማላርያ» ይባላሉ።