የብክለት ሞዴል በልደታ አየር ሲመዘን

የአሜሪካ አየር ኃይል በማረፊያዎቹ አካባቢ ያለውን ብክለት የሚገምተው አርጎን ብሔራዊ ቤተ ሙከራ በሠራለት ኤ.ኪው.ኤ.ኤም. በተባለ ሞዴል ነበር። ሞዴሉን ለመፈተን እ.ኤ.አ. በ1976 እና በ1977 አሪዞና በሚገኘው የዊልያምስ ጦር ሰፈር የመለኪያ ጣቢያዎች ተተከሉ፤ የተለካው ጋዝ ከተሰላው ጋር ተነጻጸረ። ያ ፈተና ግን ለዊልያምስ እንጂ አዲስ አበባ ላለው ለልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ዋስትና አይሆንም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1946 በረራ ሲጀምር መነሻው ልደታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሲቪል በረራው ወደ ቦሌ ሲዛወር ሜዳው ለጦር ሠራዊቱ ቀረ፤ ሰፈሩም እስከ ዛሬ «የድሮ ኤርፖርት» ይባላል።

ዊልያምስ ከባሕር ወለል በላይ 420 ሜትር ገደማ ላይ ሲገኝ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች። የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ በሌላ ቦታ የተለካ የሞተር ልቀት እንዳለ ሊወሰድ አይችልም። አውሮፕላን ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ በብዛት የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድና ያልተቃጠለ ነዳጅ ነው፤ በሙሉ ኃይል ሲነሣ ደግሞ ናይትሮጅን ኦክሳይዶች ያይላሉ። በበጋ ሌሊት ቀዝቃዛው አየር መሬት ላይ ተኝቶ ሞቃቱ ከላይ ሲጋርደው፣ ጠዋት የሚወጣው ጭስ ቶሎ አይበተንም። በዚያው ሰዓት የታክሲው፣ የከሰሉና የማገዶው ጭስ አብሮ ይነሣል።

ትልቁ ችግር እዚህ ላይ ነው። የአውሮፕላኑን ድርሻ አብዝቶ የከተማውን ጭስ ያሳነሰ ሞዴል፣ ሁለቱ ስሕተቶች ተካክሰው ዓመታዊ አማካዩን ልክ ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ ንጽጽሩ በየሰዓቱና በየነፋሱ አቅጣጫ መሆን አለበት፦ ነፋሱ ከማኮብኮቢያው ሲመጣና ወደ ማኮብኮቢያው ሲሄድ የተለካው ልዩነት በስሌቱም መታየት አለበት። አማካዩን ብቻ አይቶ ሞዴሉን ማጽደቅ አይገባም።

ለዚህ የሚሆን መነሻ አለን። በልደታ ክፍለ ከተማ በሚገኘው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ደቃቅ ብናኝ ሲለካ አማካዩ በሜትር ኩብ ከ50 ማይክሮግራም በላይ ተገኝቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የ2021 ዓመታዊ መመሪያ 5 ነው። በድሮ ኤርፖርት ባለው ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤትም የአሜሪካ ኤምባሲ መለኪያ ተተክሎ ነበር፤ ኤምባሲው መረጃውን ለሕዝብ ማሳየቱ በማርች 2025 ቆመ። በባዕድ በጀት ላይ የተንጠለጠለ መለኪያ እንዲህ ይሆናል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ከሜዳው በሁለት ወገን የነፋስ መለኪያ ያላቸው የራሳቸውን ቋሚ ጣቢያዎች ይትከሉ፤ የየሰዓቱንም መረጃ ለተመራማሪ ሁሉ ክፍት ያድርጉ።